ጩኸቱን እለፉት፣ ዜማውን ያዙት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከጎጃም የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ አልበም ዙሪያ ይሽከረከራሉ። አልበሙ የስዊድኑ ዲሴክሽን ባንድ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው «ስቶርም ኦቭ ዘ ላይትስ ቤይን» ነው። ላልሰማው ሰው ባጭሩ፦ ስምንት ሥራዎች፣ 43 ደቂቃ ገደማ፤ ፍጥነቱና ድምፃዊው የኤክስትሪም ሜታል (እጅግ ፈጣንና ጨካኝ የሮክ ዘርፍ)፣ ጊታሮቹ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያዜሙ። ያለ ግጥም ይከፈታል፣ በፒያኖ ብቻ ይዘጋል። በመሀል ያለው ግጥም ሞትንና ጨለማን ያወድሳል። ክርክሩም ከዚህ ይነሳል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጊታር ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። የአልበሙን ዜማዎች በጆሮዬ እያወጣሁ ነው። ፍጥነቱ ላይ ደርሻለሁ፤ እኔ ስጫወተው ግን የወፍጮ ድምፅ ይሆናል እንጂ ዜማ የለውም፤ ሁለተኛውን ጊታር ስጨምርበት ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ይበላሻል። ምኑን ነው የሳትኩት?

ፍጥነቱ የቀኝ እጅ ብቻ መሆኑን ነው። ሜትሮኖምህን በደቂቃ 180 ምት ላይ አድርገው፤ በሴኮንድ 3 ምት ማለት ነው። በየምቱ አራት ጊዜ ስትመታ ፒክህ (መምቻህ) ክሩን በሴኮንድ 12 ጊዜ ይነካዋል። ግራ እጅህ ግን ኖታ የሚለውጠው በየሁለት ምቱ ከሆነ ዜማው የሚጓዘው በሴኮንድ አንድ ተኩል ኖታ ነው። ይህ ዘገምተኛ የእንጉርጉሮ አካሄድ ነው። ማሲንቆ ላይ ደጋኑ ሳይቋረጥ አንዱን ድምፅ ስቦ እንደሚያረዝመው፣ ትሬሞሎ የሚባለው አመታትም ክሩ እንዳይሞት እየቀሰቀሰ ያረዝመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዜማውን ያለ ትሬሞሎ፣ ለአንድ ኖታ አንድ ምት እየሰጠህ ተጫወተው። በአፍህ ልታንጎራጉረው ካልቻልክ ገና አልያዝከውም፤ ፍጥነት ብትጨምርበት ስህተቱን ብቻ ነው የምታፈጥነው።

ቀጥሎ የቀኝ እጅህን አስተካክል። የፒኩ ጫፍ ከክሩ ማለፍ ያለበት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ከጠለቀ ክሩ ይይዘዋል፣ አንተም በክንድህ ትገፋለህ፣ ክንድህ በሁለት ደቂቃ ይደነዝዛል። በ120 ጀምር። አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳትደነቃቀፍ አራት ጊዜ ስትወጣው 5 ጨምር።

ዋናው ምሥጢር ግን ጊታሮቹ ሁለት መሆናቸው ነው። አንዱ ዜማውን ሲይዝ ሌላው በስኬሉ ላይ አንድ ኖታ ዘልሎ ከላይ ይከተለዋል። በዲ ማይነር ብንሠራው፦ ዲ ከኤፍ፣ ኢ ከጂ፣ ኤፍ ከኤ፣ ጂ ከቢ ፍላት፣ ኤ ከሲ፣ ቢ ፍላት ከዲ፣ ሲ ከኢ። ርቀታቸውን በፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ባሉት ክፍልፋዮች) ቁጠረው፤ 3፣ 3፣ 4፣ 3፣ 3፣ 4፣ 4 ይመጣል። እኩል አይደለም። ብዙ ጀማሪ፣ ወይም ሁለተኛ ድምፅ የሚጨምር ብዙ ርካሽ ፔዳል፣ ሁሉንም 3 ፍሬት ያደርገውና በኤፍ፣ በቢ ፍላትና በሲ ላይ ከቁልፉ ውጭ ይወጣል። አንተ «አንድ ቦታ ላይ ይበላሻል» የምትለው ቦታ ምናልባት ከሦስቱ አንዱ ነው።

ሁለቱን ኖታ ለምን በአንድ ጊታር አንመታውም? ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው) ሁለት ድምፅ ሲገባበት የልዩነታቸውን ሦስተኛ ድምፅ ይወልዳል። ዲ 294 ሄርዝ ነው፣ ኤፍ 349፤ ልዩነቱ 55 ሄርዝ ገደማ፣ ዲም ኤፍም ያልሆነ ጉምጉምታ። ዲና ኤ ሲሆኑ ግን ከ440 ላይ 294 ሲነሳ 146 ይቀራል፤ እሱ ዲ ራሱ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ነው። ፓወር ኮርድ (እንደ ዲና ኤ ያለው ጥንድ) በዲስቶርሽን ንጹሕ ሆኖ የሚሰማው፣ ሶስተኛው ርቀት (እንደ ዲና ኤፍ ያለው) ደግሞ የሚጨቀየው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ ጊታረኛ ከሌለህ አንዱን ቅዳ፣ በላዩ ሌላውን ተጫወት። ጌይኑንም (የዲስቶርሽኑን መጠን) ከሙሉው ወደ ግማሽ አውርደው። ጌይን በበዛ ቁጥር የፒኩ ጠርዝ ይጠፋል፣ ወፍጮውም ያን ጊዜ ይመጣል።

ከሞጣ፦ 9 ቁጥር ክር አለኝ። ቅኝቱን ወደ ዲ ባወርደው ችግር አለው?

ይላላል፤ ጠንከር አድርገህ ስትመታው ድምፁ ለቅጽበት ወደ ላይ ይሸሻል። ከ10 እስከ 52 የሚሄደውን ግዛ። ከቀየርክ በኋላ በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በመንካት ብቻ የሚወጣውን ድምፅና ተጭነህ የምታወጣውን በቲዩነር አወዳድር። ተጭነህ ያወጣኸው ከፍ ካለ ብሪጁ ላይ ያለችውን የክሩን መደገፊያ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ውሰዳት።

ከባሕር ዳር፦ የኛን ቅኝት ከእንዲህ ዓይነት ሙዚቃ ጋር ማዋሐድ እንፈልጋለን። በባቲ ማይነር ሞከርን፤ ተራ የሮክ ዘፈን ሆነብን። ለምን? የማሕሌት ቅጂ ቆርጠን ብናስገባበትስ?

ባቲ ማይነር ከዲ ሲነሳ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ ነው። ይኸው አምስት ኖታ ብሉዝና ሮክ የቆሙበት ስኬል ነው፤ ስለዚህ ጆሯችሁ አልተሳሳተም። ውስጡ አንድም የግማሽ ቶን (የአንድ ፍሬት) ርቀት የለም። የዚህ ሙዚቃ ጭንቀት ደግሞ የሚኖረው ከግማሽ ቶን ላይ ነው።

ትዝታ ማይነርን ያዙ፦ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት። ሁለት ግማሽ ቶን አለው፤ ኢና ኤፍ፣ ኤና ቢ ፍላት። አምስቱም ኖታ ዲ ማይነር ውስጥ ስላሉ ከስካንዲኔቪያው አጻጻፍ ጋር ሳይጋጭ ይገባል። አምባሰል ከዲ ሲነሳ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት ነው፤ ከመነሻው ቀጥሎ ግማሽ ቶን ስላለ ይበልጥ ይከብዳል፣ ከመነሻው ሶስተኛው ኖታ (ኤፍ ወይም ኤፍ ሻርፕ) ስለሌለበት ደግሞ ደስታም ኀዘንም አይደለም። አንቺ ሆዬ ከሁሉም ይቆረቁራል፦ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ። ከመነሻው እስከ ኤ ፍላት ያለው ስድስት ፍሬት ርቀት ሜታል ከተወለደ ጀምሮ ሲጠቀምበት የኖረው ትራይቶን ነው። እኛ ሰርግ ላይ እንጫወተዋለን።

ሁለተኛውን ጊታር በአምስት ኖታ ላይ ስታስከትሉ ርቀቱ እንደ ሰባቱ አይሆንም። በትዝታ ማይነር አንድ ኖታ እየዘለላችሁ ብትሄዱ ዲ ከኤፍ 3 ፍሬት፣ ኢ ከኤ 5፣ ኤፍ ከቢ ፍላት 5፣ ኤ ከዲ 5፣ ቢ ፍላት ከኢ 6 ይሆናል። የመጨረሻው ትራይቶን ነው። እዚያ ላይ ስትደርሱ አትደናገጡ፣ አታርሙትም፤ ሁለቱን ድምፅ አንድ ደረጃ አውርዱ፣ ቢ ፍላት ወደ ኤ፣ ኢ ወደ ዲ። ውጥረቱ ተፈታ። ቅኝቱ ራሱ የሠራላችሁ መቋጫ ነው፣ ከስዊድን መዋስ አያስፈልግም።

ከበሮው ላይ ግን ተጠንቀቁ። ችክችካውን እንዳለ ከዲስቶርሽን ሥር ብትከቱት ሰዉ እስክስታ ይወርዳል፤ እስክስታ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ የፈለጋችሁት እሱ ካልሆነ ነው። ከበሮው ቀጥ ብሎ በአራት ይሂድ፣ ጊታሩ ደግሞ ስምንቱን ምት 3፣ 3፣ 2 እያለ ይክፈለው። የሦስቱ ጣዕም ይቀራል፣ ጭፈራው ይጠፋል። የማሕሌት ቅጂ ቆርጦ ማስገባትን በተመለከተ አትሞክሩት እንላለን። ለአምልኮ የተሠራን ዜማ ለማስፈራሪያ ማዋል ደግ አይደለም፤ በዚያ ላይ ስንፍና ነው።

ከፍኖተ ሰላም፣ አንድ አባት፦ ልጄ የሰንበት ተማሪ ነው። ይህን አልበም ሌት ተቀን ይሰማል። ሽፋኑ ላይ ሞት በፈረስ ተቀምጦ አለ። ጥንቆላ ነው ይሉኛል፤ ሌሎች ደግሞ ዝም ብሎ ጥበብ ነው ይላሉ። የቱን ልመን?

እንደዚህ ያለ ግጥም የሚከላከል ሰው ቶሎ ብሎ «ሰምና ወርቅ ነው» ይልዎታል። ቅኔ አገር ለሚኖር ሰው ይህን ብሎ ማጽናናት ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይደለም። በዚህ አልበም ላይ ከሰሙ ሥር የተቀበረ ሌላ ወርቅ የለም። ጨለማን ሲያወድስ ጨለማን ነው የሚያወድሰው። የባንዱ መሪ የአንድ ምሥጢራዊ ማኅበር አባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የመጨረሻ አልበማቸውም በዚያው ማኅበር ትምህርት ላይ የተጻፈ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1997 በጎተንበርግ በተፈጸመ ግድያ ተባባሪ ነው ተብሎ ተፈርዶበት እስከ 2004 ታስሯል፤ በ2006 የገዛ ሕይወቱን አጥፍቷል። ልጅዎ ዜማውን ካወቀ ይህንንም ይወቅ። ሲደበቅ ነው ጀብዱ የሚመስለው።

ትምህርቱ ከየት እንደመጣ ቢያውቁ ከልጅዎ ጋር ለመነጋገር ይረዳዎታል። ይህ ዓለም የታናሽ ፈጣሪ ሥራ፣ የነፍስ እስር ቤት ነው የሚለው ሐሳብ የጥንቶቹ ግኖስቲኮች ነው፤ ቅዱስ ሄሬኔዎስ በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ መልስ የጻፈባቸው። እነሱ ግን ከእስር ቤቱ ወጥተው ወደ ብርሃን ለመሄድ ነበር የሚሹት፤ ዘመነኞቹ አቅጣጫውን ገለበጡት። ሌላው ደጋግሞ የሚመጣው ቃል «ቅሊፖት» ነው። በአይሁድ የምሥጢር ትምህርት ትርጉሙ ቅርፊት፣ ብርሃንን የሸፈነ ልጣጭ ማለት ነው። ኋላ የመጡት ልጣጩን መንገድ አደረጉት። ለሰንበት ተማሪ ይህ የማይመለስ ጥያቄ አይደለም፤ እንዲያውም ደኅና የጥናት ርእስ ይወጣዋል።

ሁሉም ባንድ እንደዚህ እንዳይመስልዎ። ብዙዎቹ እንደ ተውኔት ገጸ ባሕርይ ነው የሚያናግሩት። የግጥሙን ወረቀት ይዘው አብረው ይቀመጡና «እዚህ ላይ የሚናገረው ማነው?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካለው እያሰበ ነው የሚሰማው። ሊያሳስብዎ የሚገባው ጥቁር ካናቴራው አይደለም፤ ከጓደኛ መራቁ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ስለ ራሱ ሞት መናገሩ ነው። እነዚህን ካዩ ከሙዚቃው ጋር አይከራከሩ፣ ልጁን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

በጣም ቅርብ የሆነው አደጋ ግን ጆሮው ላይ ነው። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን 2፣ 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ። ክንድ ሙሉ ርቀት ላይ ቆመው ሲያናግሩት ማዳመጫውን አድርጎ የማይሰማዎት ከሆነ በዝቷል።

ከእንጅባራ፦ ሴት ነኝ፣ ግራውል (የሜታል ድምፃውያን የሚያጓሩበትን አዘፋፈን) ማድረግ እየተማርኩ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጉሮሮዬ ይቃጠላል። ለሴት አይሆንም የሚሉም አሉ።

የሚሉሽን ተያቸው፤ አንጌላ ጎሶው የስዊድኑን ባንድ አርች ኤነሚን ተቀላቅላ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡትን አልበም ሰምቶ ያንን የሚል የለም። ቃጠሎው ግን እውነት ነው፣ ምክንያቱም በዋናው የድምፅ አውታርሽ እየጮኽሽ ነው። ግራውል የሚመጣው ከእነሱ በላይ ካሉት እጥፋቶች ነው። እነሱን ለማግኘት ከባድ ነገር ስታነሺ እንደምታቃስቺው፣ አፍሽን ከፍተሽ በዝግታ አቃስቺ፤ በውስጡ የሚንኮራኮር ዝቅተኛ ድምፅ ትሰሚያለሽ። እሱን ያዢና ትንፋሽ ጨምሪበት፤ ግፊቱ ከሆድ ይሁን፣ ከአንገት አይሁን። ድምፁ ከምትገምቺው በጣም ያነሰ ነው፤ ትልቅ የሚያደርገው ማይኩ ነው። በመጀመሪያው ወር በቀን 10 ደቂቃ፣ በመሀሉ ውኃ። ኮርኮር ካለሽና ካሳለሽ የዚያን ቀን አቁሚ። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ መጎርነን የጉሮሮ ሐኪም ይይ።

አንድ የራሳችን ጉዳይ አለ። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ፣ ጰ ሲጠሩ ጉሮሮ ለቅጽበት ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፤ ግራውል ደግሞ የሚኖረው ትንፋሹ ካልተቋረጠ ነው። «ጠለቀ» የሚለውን ቃል በረዥሙ ለመጎተት ሞክሪ፤ ሁለት ቦታ ይቆረጣል። ስለዚህ እነዚህን ፊደላት እንደ ከበሮ ምት ከስኔሩ (ሹል ድምፅ ካለው ከበሮ) ጋር አስቀምጫቸው፣ የሚጎተተው ቦታ ላይ ግን ለ፣ መ፣ ረ፣ ነ ይግቡ። ዝቅ ያለው ድምፅ አ እና ኦ ላይ፣ ከፍ ያለው ጩኸት ኢ እና ኤ ላይ ይቀላል። የእንግሊዝኛውን ግጥም አተናፈስ ገልብጠው በአማርኛ የሚሞክሩ ሁሉ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ማይኩን ደግሞ በመዳፍሽ አትሸፍኚው፤ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምርና ስፒከሩ ያፏጫል።

ከቡሬ፣ ሦስት ጓደኛሞች፦ በመጽሐፈ ሄኖክ ላይ የተመሠረተ አልበም መሥራት አስበናል። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት መግቢያ ያለው ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ማይክ አለን። ከበሮ መቺ የለንም። መብራት ይጠፋል። ከየት እንጀምር?

ርእሱን ጥሩ መርጣችኋል፤ ከአውሮፓ መበደር የሌለባችሁ አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። መጽሐፉ ሙሉውን የተረፈው በግእዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ያው እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው፣ ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ይዞ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ዛሬ ባንዶች ስለ ወደቁት ትጉሃን ሲዘፍኑ አብዛኛውን ሥዕል የሚወስዱት ከዚያ ነው። ከምዕራፍ 6 እስከ 11 ያለው ብቻ ለአልበም ይበቃል፦ የ200ው መላእክት መሐላ በአርሞን ተራራ፣ የትምህርቱ መሰጠት፣ የረዓይቱ (የግዙፋኑ) መወለድ፣ የምድር ክስ፣ አዛዝኤል እጅና እግሩ ታስሮ በዱዳኤል በረሃ ከስለታም ድንጋይ ሥር መጣሉ፣ ሰምያዛና ጓዶቹ ለ70 ትውልድ መታሰራቸው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱን እንጠቁማችሁ። ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ብረትን፣ ለሰው ያስተማረው አዛዝኤል ነው ይላል። እኛ አገር ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ብሎ ያገለለውን ሰው አስቡት። ማረሻውን ይወስዳል፣ አብሮት ግን አይበላም። ስለ ብረት የሚዘፍን ሙዚቃ ይህን ካልዘፈነ ምን ሊዘፍን ነው? በተረፈ ከክታብ ወይም ከአስማት ጥቅልል ላይ ቃል ቀድታችሁ አታስገቡ፤ ባለቤት አለው፣ የግእዙንም ስህተት አድማጫችሁ ወዲያው ይነቅሰዋል።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ በሜትሮኖም ላይ መሪ ጊታር ቅዱ፣ ከዚያ ከበሮውን በኮምፒውተር ጻፉ። ፕሮግራም የተደረገ ከበሮ የሚጋለጠው ሁሉም ምት እኩል ሲጠነክር ነው። ጥንካሬው እስከ 127 ይሄዳል፤ ፈጣኑ ስኔር ከ100 እስከ 115 መካከል ይዋልል፣ 127ን ለክፍል መክፈቻ ብቻ አስቀሩት። ሰው በሴኮንድ 13 ጊዜ እየመታ በሙሉ ጉልበቱ አይመታም።

ቅጂው 48 ኪሎ ሄርዝ፣ 24 ቢት ይሁን፤ ጫፉ ከሙሉው 10 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል። ሪትም ጊታሩን ሁለት ጊዜ ተጫወቱት፣ አንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ። አንዱን ቅጂ ገልብጦ ወደ ሌላው ጎን መለጠፍ ስፋት አይሰጥም፤ ሁለቱ ፍጹም አንድ ስለሆኑ ድምፁ መሀል ላይ ቆሞ ይጎላል እንጂ አይሰፋም። ስፋቱ የሚመጣው ሁለቱ አጨዋወት በፀጉር ስለሚለያይ ነው። ሁለቱን ዜማ ጊታሮች ግማሽ ግራ፣ ግማሽ ቀኝ አድርጉ። ከጊታሮቹ ሁሉ ከ90 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ ብቻውን ሲሰማ ይቀጥናል፣ ቤዙ ሲገባ ግን ቦታው የእሱ እንደነበር ይገባችኋል።

የሚያጉረመርም 50 ሄርዝ ከሰማችሁ መብራቱ ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ንቀሉት፤ ከጠፋ የሚመጣው በቻርጀሩ በኩል ነው፤ የሶኬቱ የምድር ሽቦ አልተገናኘ ይሆናልና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳዩት። ባትሪ ላይ መቅዳት ለመብራት መጥፋቱም መድኃኒት ነው፤ በየቅጂው ማብቂያ አስቀምጡ፣ ማታ ማታ ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

የወራቱን ነገር አስቡበት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማይክ መክፈት አይታሰብም፤ ዝናቡ ከስኔሩ ይበልጣል። ጊታርና ቤዝ በቀጥታ በገመድ ስለሚገቡ በክረምቱ ጨርሷቸው። ድምፁን መስከረም ካለፈ በኋላ፣ ከጀርባ ፍራሽ አቁማችሁ፣ ከጎን ሁለት ጋቢ አንጠልጥላችሁ፣ ማይኩን ከአፍ 15 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ቅዱ። ፍራሹ ከዘፋኙ ኋላ ነው የሚቆመው፣ ከማይኩ ኋላ አይደለም፤ ማይኩ የሚሰማው ወደ ፊት ስለሆነ የሚይዘው ከዘፋኙ ጀርባ ካለው ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውን ነው።